የዶቃ አምባር በቤታችሁ እንዴት ትሠራላችሁ?

የመጀመሪያው አምባሬ ዕድሜው ሦስት ሰዓት ነበር። የዘመድ ሠርግ ላይ እስክስታ ስወርድ ተበጠሰና ዶቃው በየወንበሩ ሥር ተበተነ። ልጆቹ እየተሻሙ ለቀሙት፤ ለእኔ የተመለሰልኝ ግን እፍኝ አይሞላም። ጥፋቱ የዶቃው አልነበረም። የሰካሁት በተራ የልብስ ስፌት ክር ነበር። የመስታወት ዶቃ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት አለው፤ የጥጥ ክርን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ክር። ለስፌት ቀጭንና ጠንካራ የናይለን ክር ይሻላል። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክርም ይሆናል፤ ደረቅ ስለሆነ ያለ መርፌም ይገባል። ላስቲክ ዶቃን ዝም ብሎ ለመደርደር እንጂ ለስፌት አይመችም። መርፌው የዶቃ መርፌ ይሁን፤ የተለመደው መርፌ ጆሮው ወፍራም ስለሆነ ትንሹ ዶቃ አያሳልፈውም።

ወደ ዶቃው እንምጣ። ገበያ ላይ «ጨሌ» ብላችሁ ብትጠይቁም ይገባቸዋል። እናቴ ፊት ግን ቃሉን አላነሳም፤ ለእሷ ጨሌ የዛር ነው፣ ታማትባለች።

የዶቃ ቁጥር ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል። 11/0 የሚባለው 2 ሚሊ ሜትር፣ 8/0 ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለጀማሪ 8/0 ይበቃል፤ በ11/0 ከጀመራችሁ ዓይናችሁም ትዕግሥታችሁም ያልቃል። መስታወት ይሁን ፕላስቲክ ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ቀዝቀዝ ካለ መስታወት ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ ከሠጋችሁ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነካ ጥጥ እሹት። እንጦጦ አካባቢ ሴቶች ከቀለጠ የጥይት ቀለህ የሚሠሩት ዶቃ ሲያምር! ግን ይከብዳል፤ መሀል ላይ አንድ ሁለት ብቻ ጣል አድርጉ።

ከዚያ ዶቃውን ምስር እንደምትለቅሙት ልቀሙት። ወፍራሙን፣ ስሱንና የተሸረፈውን አውጡ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ኋላ ስፌቱ የሚጣመመው በዚህ ነው። የምትሠሩበት ቦታ ላይ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ አንጥፉ፣ ዶቃው አይንከባለልም። ፎጣ አይሁን፤ መርፌው እየያዘ ያስቸግራል።

አሁን አንድ ሜትር ተኩል ክር ቁረጡ። ቀለሟ የተለየ አንዲት ዶቃ አስገቡና መርፌውን በእሷው ውስጥ ድጋሚ አሳልፉ። ይህቺ ዘበኛ ናት፤ ሌሎቹ እንዳይወርዱ ትጠብቃለች፣ ኋላ ትወጣለች። ከጀርባዋ 20 ሳንቲ ሜትር ክር ይትረፍ።

በአበባ ሰንሰለት እንጀምር። 3 አረንጓዴ፣ ቀጥሎ 6 ነጭ አስገቡ። መርፌውን በመጀመሪያው ነጭ ውስጥ፣ ቀድሞ በገባበት አቅጣጫ፣ እንደገና አሳልፋችሁ ሳቡ። ነጮቹ ክብ ይሠራሉ። አንድ ቢጫ አስገቡና ክቡ መሀል አስቀምጡት። ከዚያ መርፌውን ከፊት ለፊት ባለው 4ኛ ነጭ ውስጥ አሳልፉ፤ በ5ኛው በኩል ገብቶ በ3ኛው በኩል ይውጣ። ስትስቡት ቢጫው ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። እንደገና 3 አረንጓዴ፣ 6 ነጭ፣ እያላችሁ ቀጥሉ። በ8/0 ዶቃ 10 አበባ ገደማ የእጅ አንጓን ይዞራል። ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ከሆነ ስድስቱንም ቢጫ አድርጉት፣ አደይ ይሆናል።

ሰፋ ያለ አምባር ከፈለጋችሁ ፔዮቲ የሚባለውን ስፌት ሞክሩ። ስሙ የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው፤ ፔዮቲ የተባለው ቁልቋል የሚቀርብበት ሥርዓተ ጸሎት ላይ የሚይዙትን ዕቃ በዚህ ስፌት ያስጌጡታል። አሠራሩ ይኸውላችሁ። ከዘበኛዋ ቀጥሎ 8 ዶቃ አስገቡ። አሁን አቅጣጫ ቀይሩ፦ አንድ አዲስ ዶቃ ያዙ፣ የመጨረሻውን ዝለሉ፣ በ7ኛው ውስጥ እለፉ። አንድ ያዙ፣ አንድ ዝለሉ፣ በቀጣዩ እለፉ። ጫፍ ስትደርሱ ጠርዙ እንደ ጥርስ ወጣ ገባ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ በሁለት ጥርስ መሀል ያለውን ክፍተት በአንድ አንድ ዶቃ መሙላት ብቻ ነው። እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ የተወላገደ ነገር ነው የሚመስለው። አትፍቱት፣ ይስተካከላል። ክሩን በጣም ካጠበቃችሁት ይጠቀለላል፤ ካላላችሁት ክሩ ይታያል። ክሩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አዲስ ቀጥሉ።

ለመዝጊያ የብረት ዕቃ ፍለጋ አትድከሙ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ስፉ። ዘበኛዋን አውጡና በተረፈው ክር በሌላው ጫፍ ከዶቃ ቀለበት ሥሩ፤ ቁልፉ በግድ የሚያልፍበት ያህል ይሁን፣ እየዋለ ይላላልና። የክሩን ጫፍ ወዲያው አትቁረጡት። ወደ ሥራው መልሳችሁ በጥቂት ዶቃዎች ውስጥ አሳልፉ፣ በሁለት ዶቃ መሀል ቋጥሩ፣ ጥቂት አልፋችሁ ድገሙት። ቋጠሮው ላይ የኩቴክስ ጠብታ አድርጉና ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡ። ላይተር አታስጠጉ፤ ደህናውንም ክር ያቀልጠዋል።

ሲያልቅ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት። መበጠሱ ካልቀረ ቤታችሁ ይበጠስ።