ከፖርክ ኤፒክ እስከ ጁገል፦ በባጃጅ የሚጀመር መንገድ

"ጥንታዊ ነገር አሳየን" ብሎ ባጃጄ ላይ የሚወጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ የያዘው ሐረርን ነው። ሐረርን አልጠላም። ግን የጁገል ግንብ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ደግሞ የ40 ሺህ ዓመት አሻራ ይዟል። ስለዚህ ከድሬ ጀምር፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ባለበት በሐርላ መንደር እለፍ፣ ሐረር ግባ። (የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሁሉንም አንተ ነው የምለው። አንቱታ ከፈለግህ ሌላ ከተማ ሞክር።)

ወደ ፖርክ ኤፒክ ከመውጣትህ በፊት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎራ በልና ፈቃድ፣ እንዲሁም ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። በጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ ድሬ በሙቀትና በጫት በርጫ መሃል ናት፤ ማንንም አታገኝም።

ዋሻው ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደቻቱ ወንዝን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። እኔ መንገዱ እስካለበት አደርስሃለሁ፤ ቀሪው በእግር ነው። ድንጋዩ ይንከባለላል፣ ነጠላ ጫማ አድርገህ አትምጣ። ውሃ በብዛት ያዝ። ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ጉዞውን ተወው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ወስዷል።

ዋሻው ትልቅ አይደለም። ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ወዲያው ያልቃል፤ አውቆ ለሚገባ ግን ሰዓት አይበቃውም። በ1929 እ.ኤ.አ. ቦታውን ለተመራማሪዎች ያሳወቁት ቄስና የቅሪተ አካል ተመራማሪ የነበረው ፒየር ቴያር ደ ሻርደን እና የጦር መሣሪያ ነጋዴው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው። ቄስና ኮንትሮባንዲስት አንድ ዋሻ ውስጥ አብረው የሚገቡት ድሬ ላይ ነው! ከዋሻው አፈር የወጣው ቀይ የቀለም ድንጋይ ከ4 ሺህ ቁርጥራጭ በላይ ነው፤ ሲመዘን 40 ኪሎ ግራም ይሆናል። የተፈጨበት ድንጋይም ቀለሙን እንደያዘ አብሮ ተገኝቷል። ይህን ሥራ እዚያው ቦታ ላይ ለ4,500 ዓመት ያህል ሲያወርሱት ኖረዋል።

መሣሪያ ይሠሩበት ስለነበረው ባልጩትም ጠይቅ። ጥቁሩና እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጨው የአካባቢው ድንጋይ አይደለም፤ ሲመረመር ከፊሉ ከአሰቦትና ከአያሉ ተራሮች የመጣ ሆኗል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያውም በእግር። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ድሬ ተቆረቆረች እንላለን፤ ከሩቅ ዕቃ ማስመጣት ግን እዚህ አገር ከባቡር በፊት ነበረ። የድሬን ቀፊራ ገበያ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ግድግዳው ላይ ያሉት የደበዘዙ ሥዕሎች በዕድሜ ከቀለም ድንጋዩ በብዙ ያንሳሉ። እንዲደምቁ ብለህ ውሃ አትርጭባቸው፣ በጣትህም አትንካቸው። ሥዕል የምትወድ ከሆነ ለገ ኦዳ ይሻልሃል፤ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። ለባጃጅ አይሆንም፣ መኪና ተከራይና ቀኑን ሙሉ መድብለት።

ሐርላ በደንገጎ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባጃጇ እየጮኸችም ቢሆን ትወጣዋለች። ሰው የሚኖርበት መንደር ነውና በኦሮምኛ "አካም" ብለህ ግባ፤ ፊት ሁሉ ይፈታል። ሽማግሌዎቹ ፍርስራሹን ግዙፍ ሰዎች ሠሩት ይሉሃል። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሲቆፍር ያገኘው ግን የነጋዴ ከተማ ነው፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሸክላ፣ ከባሕር የመጣ ዛጎል፣ የመስታወት ዶቃ። ጌጥ የሚሠራበት ቦታም ነበር።

ልጆች በመዳፋቸው ዶቃ ይዘው ቢመጡ አትግዛ። አንዱን ስትገዛ ለነገ ጉድጓድ አስቆፈርክ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ በአጋጣሚ ከመሬት የተገኘ ቅርስ ለባለሥልጣኑ ይነገራል እንጂ ለገበያ አይወጣም። ብርህን ቦታውን ዞሮ ለሚያሳይህ የመንደሩ ወጣት ስጠው።

እዚህ ላይ እኔ እመለሳለሁ፤ ሐረር በሚኒባስ ነው። ስለ ሐረር ብዙ ተብሏል፣ እኔ አንድ ብቻ ልጨምር፦ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አትለፍ፣ ሳንቲሞቹ ጋ ቆይ። አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር፤ ከሐርላ በቀጥታ ለመጣ ሰው ነገሩ ይያያዝለታል። ስትመለስ ሳይመሽ ተሳፈር፣ ደንገጎ ላይ ጉም ይወርዳል። ጠመዝማዛው የሚያቅለሸልሽህ ከሆነ የጋቢናውን ወንበር ቀድመህ ያዝ።