ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት

የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ በኢሙሌተር (የጨዋታ ኮንሶልን አስመስሎ ጨዋታውን በኮምፒውተር በሚያስኬድ ፕሮግራም) ሲንቀራፈፍብኝ ጥፋቱን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጥዬ ካርዱን ቀየርኩት፤ ጨዋታው ግን ማዝገሙን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ የምሠራው አንድ ሙከራ አለ፦ በኢሙሌተሩ ቅንብር ውስጥ የምስል ጥራቱን ወደ ኮንሶሉ የራሱ መጠን ዝቅ አደርጋለሁ። ፍጥነቱ ከተስተካከለ የከበደው ለግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ፕሮሰሰሩን አትንኩት። ምንም ካልተለወጠ ተጠርጣሪው ፕሮሰሰሩ ነው።

አጠቃላይ የፕሮሰሰሩ ሥራ 30 በመቶ ብቻ ቢያሳይ አትታለሉ። አንዱ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) እስከ አንገቱ በሥራ ተወጥሮ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ሊሆን ይችላልና እያንዳንዱን ለየብቻ ተመልከቱ። ለፕሌይስቴሽን 2 በዋናነት የሚጠቅመው የአንድ ኮር ፍጥነት ነው፤ ለእርሱ ብሎ 16 ኮር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ግን ሌላ ጉድ ነው። በ2006 ይዞት የወጣው ሴል የተባለው ፕሮሰሰር ከአንድ ዋና ኮር ጋር በርካታ ረዳቶች ስላሉት፣ እርሱን ለማስመሰል ፍጥነትም ብዛትም ያስፈልጋል።

ጨዋታው አሁንም በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄድ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ካልሆነ ማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) አዲሱን ፕሮሰሰር መቀበሉን፣ ባዮሱም (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የሰሌዳው ሶፍትዌር) መታደስ ያስፈልገው እንደሆነ አረጋግጡ፤ ማዘርቦርዱንና ራሙን አብሮ መቀየር ከመጣ ሒሳቡን እንደ አዲስ ሥሩት።