ሽቦውን ተዉት፣ ምሰሶውን ፈልጉ፦ ዝቅ ብሎ ለሚረጭ አብራሪ

የርጭት አውሮፕላን ከሰብሉ በላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር ላይ ነው የሚሠራው። የመብራት ሽቦ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ያረጀ ሽቦ ግራጫ ሆኗል፣ ከኋላው አፈርና ቅጠል ነው ያለው፣ እናንተ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ ነው፤ እሱን በዓይናችሁ አይታችሁ እስክትወስኑ ድረስ ደርሳችሁበታል።

ስለዚህ ሽቦ አትፈልጉ። ምሰሶ ፈልጉ። አንዱን ካገኛችሁ ቀጣዩን ፈልጉ፤ ካጣችሁት ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል እንጂ መስመሩ እዚያ አለቀ ብላችሁ አትደምድሙ። የምሰሶውን አናት እዩ። ሽቦውን የሚይዙት ስኒዎች የተደረደሩበት አግዳሚ ወዴት እንደዞረ ካያችሁ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ሁለት አግዳሚ በተለያየ አቅጣጫ ካለ እዚያ ጋ መስመሩ ተገንጥሏል። ምሰሶው ወደ አንድ ጎን በሽቦ ከተወጠረም መስመሩ እዚያ ይታጠፋል ወይም ያበቃል። በጣም የምትፈራው ግን ከዋናው ወጥታ ወደ ውሃ ፓምፑ ወይም ወደ ዘበኛው ቤት የምትሄደው ቀጭኗ ናት። ቤት ወይም ወፍጮ ባያችሁ ቁጥር መብራቱ ከየት መጣለት ብላችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አየር ላይ ብቻ አትሥሩት። ከተቻለ ከርጭቱ ቀን በፊት ማሳውን በሞተር ብስክሌት ዙሩት፣ የእርሻውን ካቦም ካለፈው ርጭት ወዲህ የተተከለ ነገር አለ ወይ በሉት። ንድፉን በእጃችሁ ሳሉ። ከዚያ ከመውረዳችሁ በፊት 150 ሜትር ያህል ላይ ሆናችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ዙሩ፤ ፀሐይ ከፊት ስትሆን የተሰወረው ከኋላ ስትሆን ይታያል።

ስትረጩ ከሽቦው ጋር ትይዩ ሂዱ። መሻገር ግድ ከሆነ በምሰሶው አናት ላይ ተሻገሩ። በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ከወፋፍራሞቹ በላይ ለመብረቅ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ወፍራሞቹን አይቶ የዘለለ አብራሪ እሱን ይመታል። አዋሽ ዳር ጥጥ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ታንኩ ሞልቶ አውሮፕላኑ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ቀድማችሁ አፍንጫውን አንሱ፣ ሙሉ ጭነቱንም ሽቦ በሌለበት በኩል ጨርሱ። ከሽቦ ስር ማለፍ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ ቁማር ነው።

ደግሞ ብዙ አብራሪ የሚመታው የማያውቀውን ሽቦ አይደለም። ጠዋት ያየውን፣ ደጋግሞ የዘለለውን ነው! ጂፒኤሱን ሲያይ፣ የተደፈነ ኖዝል (የመርጫ ቀዳዳ) ሲያስብ፣ የቀረችውን ጥግ ቶሎ ልጨርስ ሲል ይረሳዋል። ሐሳባችሁ ከተሰረቀ ውጡ፣ ከፍ ብላችሁ አስቡ፣ ተመለሱ። የማሳውን ጥጎች ከመርጨታችሁ በፊትም አንዴ ከፍ ብላችሁ ሽቦዎቹን እንደገና ቁጠሩ።

ሽቦ ብቻም አይደለም። በጥር 2011 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የርጭት አውሮፕላን የነፋስ መለኪያ ማማ መትቶ አብራሪው ሞቷል። ማማው ከ200 ጫማ ትንሽ ስለሚያንስ ምልክት የማድረግ ግዴታ አልነበረበትም። እንዲህ ያለው ቀጭን ማማ በሽቦ ተወጥሮ በአጭር ጊዜ ይቆማል፤ ባለፈው ወር ባዶ የነበረ ማሳ ዛሬ ባዶ ላይሆን ይችላል።

ከመታችሁ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብሩ። የሚታዘዝ ከሆነ ኃይለኛ መታጠፍ ሳትሞክሩ ቅርብ ቦታ አርፉ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ ርጭቱን አትቀጥሉ። ወድቃችሁ ሽቦ አውሮፕላኑ ላይ ካለ መብራት ኃይል እስኪያጠፋ ከውስጥ አትውጡ። እሳት ከተነሳ ግን አውሮፕላኑንና መሬቱን አንድ ላይ ሳትነኩ፣ ሁለት እግራችሁን ገጥማችሁ ዝለሉ፤ ከዚያም እግር ሳታነሱ በትንንሹ እየተንሸራተታችሁ ራቁ። ኬሚካል የሚጭኑት ልጆችም ሊያወጧችሁ ሮጠው እንዳይነኩት፣ ይህን ሥራ ሳይጀመር ንገሯቸው።