ሃንድሬሉ የበግ አጥር እንዳይመስል

የመጀመሪያዋን ሞዴል መርከቤን ስጨርስ ወስጄ ለአጎቴ አሳየሁት። ጋሼ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖረው። መነጽሩን አደረገ። ግራ ቀኝ አዟዟራት። ከዚያ ጠርዟ ላይ ያለውን ሃንድሬል በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የበግ አጥር ነው?» አለኝ። ሁለት ወር የለፋሁበት ነው እኮ! ስቄ አለፍኩት፤ ማታ ግን ሲከነክነኝ አደረ።

ጠዋት ተነስቼ ለካሁት። ቋሚዎቹን የሠራሁት ከትንሽ ሚስማር ነው፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ። መርከቧ 1 ለ 100 ናት። 2 ሚሊ በ100 ሲባዛ 20 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 20 ሳንቲ የሚወፍር የሃንድሬል ቋሚ የት አገር አለ? የመብራት ምሰሶ ነው እንጂ። ጋሼ እንዲያውም ራርቶልኛል።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከመቁረጤ በፊት ሒሳቡን እሠራለሁ። ቀፎው፣ ማለትም የመርከቧ ገላ፣ የፈለገ ያህል ቢያምር፣ አንድ የወፈረ ገመድ ወይም አንድ ትልቅ መልህቅ ካረፈበት መርከብ መሆኑ ይቀርና መጫወቻ ይሆናል። በልኩ ማቅጠን ካልቻላችሁ ጭራሽ ባትሠሩት ይሻላል፤ የጎደለ ነገር አይታይም፣ የወፈረ ግን ከበር ይታያል።

አሁን የያዝኩት «ኢትዮጵያ» የምትባለዋን የድሮዋን የባሕር ኃይል መርከብ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር አውሮፕላኖች አገልግሎት የሠሯት ናት፤ እኛ ጋ የመጣችው በፈረንጆች 1962 ነው። ርዝመቷ 94.7 ሜትር ነበር። በ1 ለ 100 ስትሠራ 95 ሳንቲ ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል፤ የአልጋዬን ግማሽ ትይዛለች ማለት ነው። ይህን ልክ የመረጥኩት ለሒሳብ ስለሚቀል ነው፤ የእውነቱ አንድ ሜትር እኔ ጋ አንድ ሳንቲ ነው፣ አለቀ። ከታች የምጽፋቸው ቁጥሮች በሙሉ በ1 ለ 100 ናቸው። የእናንተ 1 ለ 50 ከሆነ በሁለት አባዙት።

ከሃንድሬሉ እንጀምር፣ የሚያዋርደውም የሚያኮራውም እሱ ስለሆነ። በዓለም አቀፉ የመርከብ ጭነት መስመር ስምምነት መሠረት የሃንድሬል ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ያለው ክፍተት ከ23 ሳንቲ አይበልጥም፣ ከዚያ በላይ ያሉት ክፍተቶች ደግሞ ከ38 ሳንቲ አይበልጡም። ደንቡ ለንግድ መርከብ ነው፤ ፎቶ ላይ አጉልታችሁ መቁጠር ካልቻላችሁ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ደምሩት፦ 23 እና 38 እና 38፣ 99 ይመጣል። ሦስት አግዳሚ፣ አንድ ሜትር። ለእኛ 10 ሚሊ ቁመት፣ አግዳሚዎቹ በ2.3፣ በ6.1 እና በ10 ሚሊ ላይ።

ለቋሚው የሚሆን ሽቦ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የኢንተርኔት ገመድ፣ ያ በግድግዳ የሚዘረጋው ድፍኑ ዓይነት፣ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ነው። በእውነተኛው መርከብ 5 ሳንቲ ማለት ነው፤ ልክ የምንፈልገው። ቢሮ የሚያድስ ሰው ሲጥለው ታገኙታላችሁ፣ ቆራሌ ጋም አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ርካሹ ገመድ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ጣሉት። ሊድ፣ ማለትም ቀልጦ ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቀው ብረት፣ አይዝም፤ ሁለቴ ስታጥፉት ደግሞ ቀጭ ይላል። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ «ሶልደሪንጉ ተበላሽቷል» እያልኩ ከአልሙኒየም ጋር ስታገል ውያለሁ።

ለአግዳሚው ደግሞ የመብራት ገመድ፣ ለስላሳውን ዓይነት፣ የራዲዮ ወይም የአምፖል ገመድ ላጡት። ውስጡ እንደ ፀጉር የተጠቀለሉ ብዙ ክሮች አሉ። አንዷ ክር 0.2 ሚሊ አካባቢ ናት። ተስማሚ ናት።

ሽቦው ተጣሞ ነው የሚወጣው። በጣት ለማቃናት አትሞክሩ፣ ይብስበታል። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ እሰሩ፣ ሌላውን በፒንሳ ያዙና ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ጎማ የሳባችሁ ይመስል ትንሽ እሺ ሲላችሁ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። እዚያ ላይ አቁሙ። ሽቦው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል፣ በዚያ ላይ ይጠነክራል። ክሯን ግን በፒንሳ አትሳቧት፣ ትበጠሳለች፤ በሁለት ጣት በቂ ነው።

አሁን ቅርጽ ማውጫ እንሥራ። አንድ ቁራጭ ወይራ ፈልጉ። ለምን ወይራ? ድፍን ነው፣ ጭረቱ አይፈረከስም፣ ትኩስ ብረት ሲነካው ቶሎ አይቃጠልም። ባሕር ዛፍ ሞክሬ ተሰንጥቆብኛል። እንጨቱ ላይ በየ15 ሚሊው ቀጥ ያለ ቦይ በቀጭን መጋዝ አውጡ፤ ጥልቀቱ ሽቦውን ግማሽ የሚውጥ ይሁን። ከዚያ አግዳሚ ሦስት መስመር በስል እርሳስ አስምሩ፣ በ2.3፣ በ6.1፣ በ10። በመስመሮቹ ጫፍና ጫፍ መርፌ ስበሩና ትከሉ። ቋሚዎቹን ቦዩ ውስጥ አስተኙ። ከሥር 4 ሚሊ ያህል ትርፍ ተዉ፣ ወለሉ ውስጥ የሚገባ እግር ይሆናል። ክሯን ከመርፌ ወደ መርፌ ወጥሩ። በቃ፣ ሽቦው ራሱ የት መገናኘት እንዳለበት ያውቃል።

በስቴኪኒ ጫፍ ፔስት፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት፣ ነካ ነካ አድርጉ። ሊዱን መገናኛው ላይ አታቅልጡ፤ ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ቦንዳ ቦንዳ እብጠት ነው የሚያተርፈው። ሊዱን በጋለው ሶልደሪንግ ጫፍ አንሱ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብቻ፣ ከዚያ መገናኛውን ንኩና አንሱ። አንድ ሰከንድ። ፔስቱ ጢስ ብሎ ሊዱ ብልጭ ሲል ገብቷል ማለት ነው። የምትቀረው ትንሽ ጠብታ እውነተኛው ሃንድሬል ላይ ያለችውን የቋሚ እብጠት ትመስላለች፤ ሳትለፉ የተገኘች ጌጥ። ሲያልቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል እጠቡት፤ ፔስት ከቀረበት ከወር በኋላ አረንጓዴ ዝገት ከቀለሙ ሥር ይወጣል።

የመጀመሪያው 20 ሳንቲ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አብሽሩ። ሁለተኛው አንድ ሰዓት ነው።

ክብ መስኮቶችና የነፍስ አድን ቀለበቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ቀለበት ናቸው፣ ሁለቱም የሚሠሩት በመጠምጠም ነው። ግን መጀመሪያ መዳቡ መለስለስ አለበት። ይህን ያስተማረኝ ፒያሳ ያለ አንጥረኛ ነው፣ ሻይ እየጠጣን በአምስት ደቂቃ። መዳብን በእሳት ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ብረት ቢሆን ሊደርቅ ይችል ነበር። መዳብ ግን ይለሰልሳል፣ እንደ ክር ይታዘዛል። ከላዩ የጠቆረውን በሎሚና በጨው እሹት፣ ይጠራል። ስትሠሩበት መልሶ ይጠነክራል፤ እንደገና ማጋል ነው።

ለመስኮቱ ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሽቦ 3 ሚሊ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ላይ እንደ ሞላ ጠምጥሙት፣ አንዱን ከአንዱ አስጠግታችሁ። ሃያ ዙር፣ ሠላሳ ዙር፣ የፈለጋችሁትን። ከዚያ ከፑንታው አውጡና በአንድ ጎን በኩል ቁረጡት። ሁሉም እኩል የሆኑ ቀለበቶች ጠብ ጠብ ይላሉ። በወረንጦ አንስታችሁ፣ ጫፉን ግጠሙና በመዶሻ ጀርባ ቀለል አድርጋችሁ ጠፍጥፉት። መስተዋቱ? ነጩ የአናጢ ኮላ። ቀለበቱ ከተለጠፈ በኋላ በስቴኪኒ አንድ ጠብታ ጣሉበት፤ ሲደርቅ ብርጭቆ ይሆናል። ከኋላው ያለው ጥቁር ይሁን፣ አለበለዚያ ዕውር ዓይን ነው የሚመስለው።

የነፍስ አድን ቀለበት በዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ዕቃዎች ደንብ ከውጭ ከ80 ሳንቲ አይበልጥም፣ ውስጡ ከ40 አያንስም። የቤት መብራት ሽቦ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊውን ድፍን፣ ላጡት። ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ነው። 4 ሚሊ ፑንታ ላይ ስትጠመጥሙት የውጭው ስፋት 7.56 ይመጣል። ይህን ሒሳብ ያገኘሁ ቀን ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ብርቱካንማ ቀቡት፣ ወይም ነጭ አድርጋችሁ አራት ቦታ ቀይ።

ሰንሰለት ስትገዙ በዓይን አትገምቱ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የመርከብ ሰንሰለት አንዱ ዘለላ ርዝመቱ የብረቱን ውፍረት ስድስት እጥፍ ነው፣ ስፋቱ 3.6 እጥፍ። ብረቱ 4 ሳንቲ የሚወፍር ሰንሰለት እንበል፤ ዘለላው 24 ሳንቲ ነው፣ ለእኛ 2.4 ሚሊ። ዘለላዎቹ እርስ በርስ ስለሚገቡ አንድ ሳንቲ ውስጥ ስድስት ያህል ዘለላ መቁጠር አለባችሁ። የሴቶች ርካሽ የአንገት ሐብል ውስጥ ይህ አለ። ባለ ሱቋ «ለማን ነው?» ስትለኝ «ለመርከብ» ብያት ሐብሉን ከእጄ ልትቀማኝ ምንም አልቀራትም። ወርቅማውን ቅብ በእሳት አታስለቅቁ፣ ጢሱ አይረባም፤ ጥቁር ቀለም በብዙ አኳራጅ አቅጥናችሁ ንከሩትና አንጠልጥሉት።

መልህቁን ከዚያው ከ2.5 ሽቦ ቀጥቅጣችሁ በሞረድ ማውጣት ትችላላችሁ። ግንዱ አንድ ቁራጭ፣ ሁለቱ ክንፎች ሌላ ቁራጭ፣ መሃል ላይ ሊድ። እዚህ ሊድ ቢበዛ ችግር የለውም፤ መልህቅ ጉልበተኛ ነገር ነው፣ ወፍራም መገጣጠሚያ ያምርበታል፣ ትርፉን በሞረድ ታስተካክላላችሁ።

ገመድ የሚታሰርባቸው ጥንድ ጉቶዎች ቀላል ናቸው። 2.5 ሚሊ ሚስማር ትራፓኖ ላይ አስሩ፣ ትራፓኖውን ሞርሳ ላይ፣ እየዞረ ሞረድ አስጠጉትና ራሱን አጥብቡት። ለጥፋችሁ እንዳትረሱት ቀለም ቶሎ ቀቡት፣ ሚስማር ይዝጋል። መነጽር ሳታደርጉ እንዳትነኩት፤ ልማድ ብሎ ነገር እዚህ አይሠራም። ለመሰላል ደግሞ ማበጠሪያ ፈልጉ። የመሰላል ደረጃ በ30 ሳንቲ አካባቢ ነው የሚራራቀው፣ ለእኛ 3 ሚሊ፤ የጥርሱ ርቀት 3 ሚሊ የሆነ ማበጠሪያ ካገኛችሁ የደረጃዎቹን ሽቦ በጥርሶቹ መሃል አስተኝታችሁ ሁለቱን ጎን በሱፐር ግሉ ያዙ። ፕላስቲክ ላይ ሶልደሪንግ አታስጠጉ፣ ይህንን መቼም አልነግራችሁም።

ስለ ሱፐር ግሉ ካነሳን፣ የደሴ ክረምት ጠላቱ ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው፤ እርጥበቱ ሲበዛ ከሙጫው የሚወጣው ትነት ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። ሐምሌ ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮት ላይ ሲለጠፍ የሠራኋቸው መስኮቶች በሙሉ ውርጭ የመታቸው መስለው ነው ያደሩት። መድኃኒቱ ትንሽ መጠቀም ነው፤ በመርፌ ጫፍ። ክፍሉንም አናፍሱ። የዘይት ቀለምም በዚያ ብርድ ቶሎ አይደርቅም፣ አቧራ ይለቅማል። እኔ ክረምት ላይ የሚቀባውን ሁሉ በጫማ ካርቶን ይዤ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ነው የምወርደው። ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው፤ ጠዋት የቀባሁት ማታ በእጅ ይነካል። ካርቶኑን ሚኒባስ ውስጥ ጭናችሁ ላይ ያዙት እንጂ ከላይ አትጫኑት፣ ጠመዝማዛውን ታውቁታላችሁ። ቀለሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ። አንዴ አወፍራለሁ ካላችሁ ያ ሁሉ 0.2 ሚሊ ክር ኑግ ውስጥ እንደ ገባ ፀጉር ይሆናል።

ስትገጥሙ ሃንድሬሉ መጨረሻ ይሁን። ቀድማችሁ ከተከላችሁት እጅጌያችሁ እየጠለፈ ያነቅለዋል። እግሮቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ 0.6 ሚሊ ፑንታ በጣት እያዞራችሁ ብሱ፤ ትራፓኖ ይሰብረዋል።

አዲሷን ባለፈው ሳምንት ለጋሼ አሳየሁት። አልጨረስኳትም፣ ግን አፍንጫዋ በኩል ሃንድሬሉም ሰንሰለቱም ገብቷል። አጉሊ መነጽር ይዞ ጠበቀኝ። አግዳሚዎቹን ቆጠረ። ሦስት። መልህቁን በጥፍሩ አወዛወዘው። ዝም አለ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ «ልጄ» አለኝ፣ «ሰንሰለቱ ከወለሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በየት ነው?»

ቀዳዳውን ረስቼዋለሁ። ቀለም ተቀብቶ፣ ሁሉ ተለጥፎ። እናንተ ግን ቀፎው ገና ባዶ እንጨት ሳለ፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ወደ ታች አዘንብላችሁ 4 ሚሊ ብሱት።