ልጅን በኮምፒውተር ፈረንሳይኛ ማስጀመር፦ በአማርኛ በኩል፣ በጆሮ

ፈረንሳይኛን የመረጠችው ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ በለገሃር ስናልፍ ስሙ ከየት እንደመጣ ነገርኳት፤ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል፣ እኛ ለገሃር አደረግነው። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እኔ ፈረንሳይኛ እችላለሁ ማለት ነው?» አለችኝ። አንድ ቃል ትችያለሽ አልኳት። ዛሬ ሁለት መቶ ያህል ደርሳለች፤ እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ስለነበር እናንተ ሳትደግሙት እንድታልፉ እጽፈዋለሁ። የመረጣችሁት ጀርመንኛ ወይም ዐረብኛ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

1. ኮምፒውተሩ

ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ይልቅ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት ከያዘ ሌላ አንፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ ላይ አውጡት። የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ለዜና ይሆናል፤ አዲስ ቋንቋ ለሚሰማ ጆሮ ግን አይሆንም።

ስልክስ? እኔ አልመክርም። ፕሮግራሙ በስልክም ይሠራል፤ ችግሩ ቪዲዮው አንዲት ጣት ብቻ መራቁ ነው።

2. ፕሮግራሞቹ

ሁለት ብቻ። የመጀመሪያው ዤኮምፕሪ (GCompris) ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ብሩኖ ኩዱዋን የተባለ ፈረንሳዊ የጀመረው፣ ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው። ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ሲሆን «ገባኝ» እንደማለት ነው። ከጫናችሁ በኋላ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋውን ወደ ፈረንሳይኛ ለውጡና የድምፅ ፋይሎቹን አውርዱ። ድምፁ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ቀለም፣ ቁጥር፣ እንስሳት፤ ልጅቷ እየተጫወተች ትሰማለች። ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ ሌላ አትንኩ።

ሁለተኛው አንኪ (Anki) ነው፤ ቃሉ ጃፓንኛ ሲሆን ትርጉሙ በቃል መያዝ ነው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል፤ የአይፎኑ ይከፈልበታል። በውስጡ የተዘጋጀ ትምህርት የለም። ካርዱን እናንተ ትሠራላችሁ፣ እሱ ደግሞ ልጁ ሊረሳው በተቃረበበት ቀን መልሶ ያመጣዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ የመርሳትን ፍጥነት ለክቶ ነበር፤ የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት ይፈስሳል፣ በተደገመ ቁጥር ግን ፍሳሹ ይቀንሳል። አንኪ የሚሠራው በዚህ ነው።

ሁለቱንም ከራሳቸው ከሠሪዎቹ ገጽ አውርዱ። «እኔ ጋ አለ» የሚል ወዳጅ ፍላሽ ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ መልሱ። እኔ ተቀብዬ የሠርጋችንን ፎቶ ይዞ የነበረውን ማኅደር በቫይረስ አጥቼ ነበር።

ታዋቂዎቹን የስልክ መተግበሪያዎች ለምን ተውካቸው የሚል ይኖራል። የሞከርኳቸው በሙሉ ፈረንሳይኛን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ይህ ወደ ጎረቤት ቤት በሌላ ሰፈር ዞሮ መሄድ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ፦ ፈረንሳይኛ ለእኩያና ለልጅ «ቱ»፣ ለታላቅና ለማያውቁት ሰው «ቩ» ይላል። አንተና አንቺን በአንድ ወገን፣ እርስዎን በሌላ ወገን አስቀምጡት፤ ልጄ በአንድ ምሽት ገባት። እንግሊዝኛው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠቀልለው፣ በእሱ በኩል ብንሄድ ኖሮ ከእናቷ ጋር የያዘችውን እውቀት ጥላ፣ ባዶ እጇን ወጥታ እንደ አዲስ ልትፈልገው ነበር።

3. ካርዱን መሥራት

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ እኔም የተሰናከልኩት እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ያዝኩ። በካርዱ ፊት አማርኛውን፣ በጀርባው ፈረንሳይኛውን፣ ከሥሩ ደግሞ አነባበቡን በፊደላችን ጻፍኩ። ልጄ ፊደል ስለምታውቅ በሦስት ቀን ሠላሳ ቃል ሸመደደች። እኔም ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ በታችኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ዘንድ ወሰድኳት። ጋሼ ፈረንሳይኛን በሥራ ላይ የተማሩ ናቸው። ልጅቷ ሠላሳውንም ቃል አነበነበችላቸው። ከት ብለው ሳቁና «አንተ፣ ይህ እኮ ፈረንሳይኛ ሳይሆን በፈረንሳይኛ ቃላት የተነገረ አማርኛ ነው» አሉኝ።

ሲያስረዱኝ ገባኝ። ከላይ እኔም «አንተ» የሚለውን «ቱ» ብዬ ጻፍኩት አይደል? «ሁሉ» የሚለውም በእኛ ፊደል «ቱ» ነው። በፈረንሳይኛ ግን ሁለቱ የማይገናኙ ድምፆች ናቸው። የ«ሁሉ»ው እንደ እኛ ኡ ነው። የ«አንተ»ውን ለማውጣት «ኢ» ይበሉ፤ ምላስዎን ሳያንቀሳቅሱ ከንፈርዎን ብቻ ኡ እንደሚል ሰው ያሹሉ። መስታወት ፊት ይሞክሩት፤ እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ልጄ ሁለት ደቂቃ። «ዳቦ»ም እንዲሁ ነው። እኔ «ፓን» ብዬ ጻፍኩት፤ እሷ ን-ን አጥብቃ ትጠራዋለች። እውነተኛው ግን መጨረሻው ላይ ን የለበትም፤ ድምፁ ራሱ በአፍንጫ ይወጣል እንጂ ምላስ ከላንቃ አይገጥምም። ፊደላችን ለ«ጨ»ም ለ«ጰ»ም ቦታ ያለው ሀብታም ፊደል ነው፤ ለፈረንሳይኛ ግን በልኩ አልተሰፋም።

ስለዚህ ሠላሳውን ካርድ ደመሰስኩ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ በካርዱ ፊት ድምፅ ብቻ፣ በጀርባው ሥዕል ብቻ። ምንም ጽሑፍ የለም። ልጅቷ ትሰማለች፣ ምን እንደሆነ በአማርኛ ትናገራለች፣ ካርዱን ገልብጣ ታረጋግጣለች። አንድ ቃል ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ተቃራኒውን ካርድ እጨምራለሁ፤ ሥዕሉን አይታ እሷ ትናገራለች። የፈረንሳይኛ ፊደል ገና ነው፤ ጆሮዋ ሲጠነክር ይመጣል።

ሥዕሉን ከኢንተርኔት አትልቀሙ። የራሳችሁን በር፣ የራሳችሁን ጀበና፣ የጎረቤትን ድመት በስልክ አንሱ። ልጄ የጋሼን ድመት ፎቶ ስታይ ለአፍታም አትቸገርም፤ ከኢንተርኔት ያወረድኩላት ነጭ ድመት ላይ ግን «ይህቺ የማን ናት?» ብላ ትምህርቱን አስቁማዋለች።

ድምፁን ለመቅዳት አንኪ ውስጥ አዲስ ካርድ ማስገቢያው ላይ የማይክሮፎን ምልክት አለ፤ ኤፍ 5 የሚለውም ቁልፍ ይሠራል። አንኪ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያነብለት ማድረግም ይችላል፤ ለአረፍተ ነገር ያስኬዳል፣ ለመጀመሪያዎቹ መቶ ቃላት ግን ልጅ የሚያውቀው ሰው ድምፅ ይሻላል። እኔ ጋሼን ለመንኩ። ሻይ አፍልቼ፣ ላፕቶፑን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ አርባ ቃል ቀዳን። መስኮታችን አራት ኪሎ ታክሲ ማቆሚያውን ቁልቁል ያያል። ያኔ ጆሮዬ ስለለመደው ምንም አልታወቀኝም። በሳምንቱ ልጄን «ፖም በፈረንሳይኛ?» ስላት ቃሉን በትክክል ጠራችና አስከትላ «ካዛንቺስ፣ ሁለት ሰው!» አለች። የወያላው ጥሪ ከካርዱ ጋር ተቀድቶ ኖሯል። አርባውንም እንደገና ቀዳን፤ በዚህኛው ጊዜ በጓዳ በኩል፣ ብርድ ልብስ በሩ ላይ ሰቅለን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት። ጋሼ አልተቆጡም፤ ሻዩ ግን በቡና ተተካ።

ስትቀዱ ስምን ብቻውን አትቅዱ። ፈረንሳይኛ እያንዳንዱን ስም ወንድ ወይም ሴት ያደርገዋል፣ ምልክቱም ከፊት ይመጣል፤ ለወንዱ «ለ»፣ ለሴቷ «ላ»። ከስሙ ጋር አንድ ላይ ተቀድቶ ካልተሰማ በኋላ ለየብቻ መማር ሊኖር ነው። አማርኛም ጾታ ስላለው ልጁ ነገሩን ይረዳል፣ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ጨረቃ በሁለቱም ሴት ናት። ፀሐይ በፈረንሳይኛ ወንድ ነው። ልጄ ይህንን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም፤ «ፀሐይ ወጣች ነው የሚባለው» ትላለች። ካርዱን በትክክል ትመልሳለች፣ ፊቷን ግን ታጠቁራለች።

የመጀመሪያ ቃላት ካስቸገሯችሁ ከራሳችን ከተማ ጀምሩ፦ ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሾፌር፣ ቡፌ። ሁሉም ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። የለገሃሩን ምግብ ቤት ቡፌ ደ ላ ጋርን የሚያውቅ ሰው አንድ ሙሉ ሐረግ አስቀድሞ ይዟል። ፒያሳና መርካቶ ግን ጣሊያንኛ ስለሆኑ አትቀላቅሏቸው።

4. በቀን አምስት

አንኪ ሲጫን በቀን ሃያ አዲስ ካርድ እንዲያሳይ ተደርጎ ነው። ከካርዶቹ ስብስብ ጎን ያለችውን የጥርስ ጎማ ምልክት ተጭናችሁ ዛሬውኑ ወደ አምስት አውርዱት።

እኔ አላወረድኩትም። ሃያ ምን አላት ብዬ ሦስት ሳምንት ነዳኋት። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጥየቃ ሄድን፤ ዘጠኝ ቀን ላፕቶፑ አልተከፈተም። ስንመለስ ስክሪኑ ላይ 200 ካርድ ይጠብቃት ነበር፤ እሱም የፕሮግራሙ የቀን ጣሪያ 200 ስለሆነ እንጂ ከኋላው ገና ሌላ ነበረ። ካርድ በካርድ እንድትጨርስ አስቀመጥኳት። በአርባኛው ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ «ፈረንሳይኛ» የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ማንሳት አልተቻለም።

አሁን እንዲህ ከተጠራቀመ አዲሱን ካርድ ዜሮ አድርጌ፣ የድጋሚውን ጣሪያ ሠላሳ ላይ አቆማለሁ። ክምሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳይታወቅ ይቀልጣል። ልጅ ፊት ትልቅ ቁጥር እንዳይታይ ማድረግ ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣል።

መልስ መስጫው አራት ምርጫ አለው፤ ለልጅ ሁለቱ ይበዛሉ እንጂ አያንሱም። «1» የሚለውን ቁልፍ በእናቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት፤ እሱ «ድጋሚ» ነው። ረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ እሱ መጀመሪያ መልሱን ያሳያል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት «አውቄዋለሁ» ይሆናል። በእናትየው ቀለም ምክንያት የተፈጠረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሰዓቱን ከአንድ የተለመደ ነገር ጋር አያይዙት። እኛ ቡና ሲቆላ እንጀምራለን፣ አንደኛው ሲቀዳ እናቆማለን። ካርድ ቢቀርም ይቀራል።

5. ከኮምፒውተሩ መነሳት

ካርድ ቃል ያስይዛል፤ ማውራት አያስተምርም። ወደ መቶ ቃል ስትደርስ ልጄን በሳምንት አንድ ቀን ጋሼ ዘንድ መላክ ጀመርኩ፤ ቩ እያለች ታናግራቸዋለች፣ ቱ እያሉ ይመልሱላታል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው በ1907 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለለት፤ ጀርመንኛ ለሚፈልግ ደግሞ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። በካርዱ የሰለጠነው ጆሮ ክፍል ውስጥ ይረዳዋል።

6. መጠበቂያ ቅጂ

ላፕቶፕ ይሞታል። በየወሩ አንድ እሑድ የካርዶቹን ስብስብ ከነድምፁ ወደ ውጭ አስወጥታችሁ በአንድ ፍላሽ ላይ አኑሩት፤ ሲያስወጡ ድምፅና ሥዕሉን አካትት የሚለው ሣጥን ምልክት እንዳለበት አረጋግጡ፤ ካልሆነ የሚቀመጠው ባዶ ካርድ ነው። የእኛ ፍላሽ ከቡና ስኒዎቹ ጀርባ ይቀመጣል። የጋሼ አርባ ቃላት፣ ያለ ወያላው፣ እዚያ አሉ።