ጀማ ሸለቆ ለምትወርዱ፦ መጀመሪያ ሽቅቡን አስቡ

ሰሜን ሸዋ ካለችው ከለሚ ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ በእግር ለመውረድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ሰዓታችሁን ከመመለሻው ተነስታችሁ ቁጠሩ። ቁልቁለቱ ያታልላል። አፋፉ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አለ፤ ታች ግን የለየለት ቆላ ነው። 1000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሽቅቡ የሚጠብቃችሁ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣና ጉልበት ሲከዳ ነው።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። የያዛችሁት ውሃ ሲሶው ካለቀ፣ ወንዙ ፊት ለፊት ቢታያችሁም ተመለሱ። (እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚከራከረው!) የወንዙን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ቆሎና በጨው የተመታ በሶ ከብስኩት ይሻላል፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣልና።

ክረምት ላይ ወንዙ ዳር ባታርፉ ይመረጣል። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ጭራሮና ቅጠል መግፋት ከጀመረ፣ ጫማችሁን እንኳ ሳታጠልቁ ወደ ከፍታው ውጡ።

ጭላዳዎች ካገኛችሁ ፎቶ አንሱ፣ ዳቦ ግን አትወርውሩ። ሣር በሊታ ናቸው።