ውዱ ሸክላ ማጫወቻ ለምን ደስ አይልም? ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሸክላ ማጫወቻ የገዛና የተናደደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናደደው ጥፋት በሌለበት ዕቃ ላይ ነው። ማጫወቻው ለብቻው ደህና ነው፤ ክንዱ ደህና ነው፤ በክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘው ካርትሪጁም ደህና ነው። ጣጣው የሚመጣው ሦስቱ ሲገናኙ፣ ወይም ሦስቱ ተያይዘው ከቤቱ መብራትና ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ሌላ፣ የባሰ ውድ ዕቃ ከማዘዝ በፊት የምትሰሙት ምልክት ምን እንደሆነ ለዩ። ገና ለመግዛት የምታስቡም ከዚሁ ተነሡ፤ አብዛኛው የግዢ ስሕተት ነገ የሚሰማ ምልክት ነውና።

ዘፈኑ ይጎተታል፤ የሴት ድምፅ የወንድ ይመስላል

ከአሜሪካ ማጫወቻ ወደ አዲስ አበባ ላስመጣ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው። የብዙነሽ በቀለን ሸክላ ያስቀምጣል፣ ድምፁ ወፍሮና ተጎትቶ ይወጣል። ሰውየው ትራንስፎርመር ገዝቶ 220ውን ወደ 120 ቮልት አውርዷል፤ የመብራቱ ጉዳይ አለቀ ብሏል። አላለቀም። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚርገበገብበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኢትዮጵያ 50። ብዙ ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች የሚሠሩበት ሲንክሮነስ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከኸርዙ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ሲሰጡት ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሽከረከራል። በደቂቃ 33⅓ ዙር የነበረው ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፤ 45ቱ 37.5 ይሆናል፤ ዜማውም ከሦስት ሰሚቶን በላይ ዝቅ ይላል።

ከሳዑዲ የሚመጣው የባሰ አታላይ ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ ነገር ግን ለ230 ቮልት የተሠራ ዕቃ ከሆነ አዲስ አበባ ሶኬት ላይ ሲሰኩት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይነሣል። ይነሣል እንጂ ይዘገያል። ከዱባይ ወይም ከእስራኤል የመጣ ግን ከ50 ኸርዝ አገር ስለሆነ ይህ የለበትም። ከአውሮፓ ወደ ዋሽንግተን የተወሰደ ደግሞ በተቃራኒው ይፈጥናል።

ለማረጋገጥ የስትሮቦስኮፕ ካርድ ሳህኑ ላይ አስቀምጡ። ለ33⅓ ዙር በ50 ኸርዝ መብራት የሚያገለግለው ካርድ 180 መስመር፣ ለ60 ኸርዝ የሚያገለግለው 216 መስመር አለው። መስመሮቹ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው። ብዙ የኤልኢዲ አምፖሎች እንደ ድሮው አምፖል ስለማይርገበገቡ ካርዱ ላያሳይ ይችላል፤ ያኔ ፍጥነት የሚለካ የስልክ አፕ ተጠቀሙ።

መፍትሄው እንደ ሞተሩ ነው። እንደ ቶረንስ ቲዲ 160 ያሉ የቆዩ ማጫወቻዎች ለ50 እና ለ60 ኸርዝ የተለያየ ፑሌጃ ነበራቸው፤ ትክክለኛውን ፑሌጃ አግኝቶ መቀየር ብቻ ይበቃል። ለሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 የራሱን ኸርዝ የሚያመነጭ ሊንጎ የሚባል የኃይል ሳጥን አለ፤ ሬጋም ለ24 ቮልት ሞተሮቹ ኒዮ የሚባለውን ይሸጣል። ሁለቱም ርካሽ አይደሉም። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ግን ከነጭራሹ ከዚህ ጣጣ መውጣት ይቻላል፤ ባለ ዲሲ ሞተር ወይም ፍጥነቱን ኳርትዝ የሚቆጣጠርለት ዳይሬክት ድራይቭ (ሞተሩ ያለ ቺንጋ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርበት) ግዙ፣ ኸርዙ አያገባውም። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ፣ በ1979 በማርክ 2 ኳርትዝ አግኝቶ፣ በ2010 ምርቱ ቆሞ፣ በ2016 የተመለሰ ማጫወቻ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ ለሚልበት ከተማ የኔ ምርጫ እሱ ነው፤ የሊን ወዳጆች ይቆጡኝ።

አማካይ ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ዜማው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ ሌላ ነገር ነው። ወይ ቺንጋው ረግቧል፣ ወይ ሸክላው መሐሉን ስቶ ተቀምጧል። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ የምታስገቡት አዳፕተር ልክ ካልያዘ ጥፋቱን በሞተሩ አታሳቡ።

ክንዱ ይጨፍራል፤ ቤዙ ይደፈናል

ይህ ለዓይንም ይታያል። ትንሽ የተጣመመ ሸክላ ላይ ክንዱ ከመውጣትና ከመውረድ አልፎ በራሱ ጊዜ ይወዛወዛል። የስፒከሩ ሆድ ሙዚቃ ሳይኖር ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ቤዙ ድፍን ነው፤ አንዳንዴም መርፌው ይዘላል።

መርፌዋን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ካርትሪጁ ውስጥ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠችው። የዚህ ጎማ ልስላሴ ኮምፕላያንስ ይባላል፤ በካርትሪጁ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፋል። ጎማው ለስላሳ፣ ክንዱ ከባድ ሲሆን ሁለቱ ተያይዘው በዝግታ ይወዛወዛሉ። ጎማው ደረቅ፣ ክንዱ ቀላል ሲሆን ውዝዋዜው ፈጥኖ ወደ ሙዚቃው ይጠጋል። የሚፈለገው ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ነው። ከዚያ በታች ያለው የተጣመመ ሸክላ የሚያወዛውዝበት ሰፈር ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ቤዙን መንካት ይጀምራል።

ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። የክንዱን ኢፌክቲቭ ማስ (ክንዱ ሲንቀሳቀስ መርፌው ላይ የሚሰማውን ክብደት)፣ የካርትሪጁን ክብደትና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ። ድምሩን በኮምፕላያንሱ አባዙ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ፣ 159ን ለእሱ አካፍሉ። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ነው፣ ኮምፕላያንሱ 20። 9 ግራም ክንድ ላይ ከነብሎኑ 17 ገደማ ይሆናል፤ ውጤቱ 8.6 ኸርዝ፣ ደህና ነው። ያንኑ ካርትሪጅ 25 ግራም በሆነ የድሮ ከባድ ክንድ ላይ ካሰራችሁት 6.2 ይወጣል። ካርትሪጁም ክንዱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ፣ እነዚህ ከሁለት ባሕር ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቁጥር አለ። ዴኖን ዲኤል-103 የተባለውን ካርትሪጅ እንውሰድ፤ ከጃፓን ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከኤንኤችኬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ በዚህ ሙያ እጅግ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው። ወረቀቱ ላይ ኮምፕላያንሱ 5 ይላል። ሰው ይህን አይቶ 40 ግራም ክንድ ፍለጋ ይወጣል። ግን ዴኖን እንደ ብዙ የጃፓን ፋብሪካዎች የለካው በ100 ኸርዝ ነው፤ ቀመሩ የሚፈልገው የ10 ኸርዙን ነው። ቁጥሩን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ማሳደግ የተለመደ ነው። 9 ብለን ብንይዘው፣ ካርትሪጁ ራሱ 8.5 ግራም ነውና፣ 9 ግራም ክንድ ላይ 12.3 ኸርዝ ይወጣል። ትንሽ ከፍ ብሏል። 15 ግራም ክንድ ላይ 10.7፤ ያ ልክ ነው።

መፍትሄው ሁልጊዜ ክንድ መቀየር አይደለም። የፊቱ ራስ በሚፈታበት ክንድ፣ ለምሳሌ በቴክኒክሱ ላይ፣ ከበድ ያለ ሄድሼል (ያንኑ የሚፈታ ራስ) ገዝቶ መግጠም ይበቃል። ከራሱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ክንድ፣ ለምሳሌ የሬጋው፣ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ በካርትሪጁና በክንዱ መሐል ክብደት ማስገባትና ከኋላ የሚመጣጠነውን ክብደት መለወጥ ይጠይቃል። ለስላሳ ካርትሪጅ ከባድ ክንድ ላይ ከሆነ ግን አትታገሉ፣ ካርትሪጁን ቀይሩ።

"ሰ" እና "ጸ" ይሻክራሉ፤ በተለይ ሸክላው ሊያልቅ ሲል

መጀመሪያ መርፌውን በማጉያ መነጽር እዩ። ጫፉ ላይ የአቧራ ጥጥ ከያዘ አጽዱት፤ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። ቀጥሎ ክብደቱን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለኩ። 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ዲኤል-103 2.5 ግራም ይፈልጋል። ሸክላዬ እንዳይበላ ብሎ ክብደቱን የሚያሳንስ ሰው ሸክላውን ይበልጥ ይጎዳል፤ የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታዋልና። ፋብሪካው ከሰጠው ወሰን ከመካከሉ ወደ ላይኛው ጠጋ በሉ።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ መሻከሩ መጨረሻው ላይ ብቻ ከመጣ ጉዳዩ የጂኦሜትሪ ነው። ባለ 12 ኢንች ሸክላ ጠርዝ ላይ ቦዩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ያልፋል፤ መጨረሻው ላይ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨናንቋል። ክንዱ ደግሞ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ስለሚዞር ከቦዩ ጋር ፍጹም ቀጥ የሚለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። ባይርዋልድ በሚባለው አሰላለፍ (ካርትሪጁን በክንዱ ጫፍ ላይ የማስቀመጥ ልኬት) እነዚህ ቦታዎች ከመሐሉ 66 እና 120.9 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ በስቲቨንሰን 60.3 እና 117.4።

ይህ ለእኛ ሸክላዎች ትርጉም አለው። የአምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ካወጣቸው አብዛኞቹ ባለ 7 ኢንች፣ 45 ዙር ናቸው። ትንሿ ሸክላ ላይ ዘፈኑ ከትልቁ ይልቅ ወደ መሐል ጠጋ ብሎ ያልቃል፤ የዘፋኙ ትልቁ ጩኸትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መጨረሻ ላይ ነው። ስብስባችሁ በአብዛኛው ባለ 7 ኢንች ከሆነ በስቲቨንሰን አሰልፉ። ሙሉ አልበም የምትሰሙ ከሆነ ባይርዋልድ ይሻላል። የማሰለፊያ ካርድ ከ10 ዶላር በታች ይገኛል፣ ካቻቪቴውም ቤት ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ካርዱን ትቶ ባለ 12 ኢንች ክንድ ያዛል። ረጅሙ ክንድ የመዛነፉን መጠን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ግን ከባድ ነው፣ በደንብ ያልተሰለፈ ረጅም ክንድም በደንብ ከተሰለፈ አጭር ክንድ አይበልጥም።

ገንዘብ የሚያወጡበት ቦታ ካለ የመርፌው ጫፍ ቅርጽ ነው። ክቡ ጫፍ ሰፊ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያሉትን ደቃቅ ሞገዶች አይደርስባቸውም፤ ኤሊፕቲካሉ ይሻላል፤ ማይክሮላይን የሚባለው እጅግ ይሻላል። ሆኖም ድሮ በመጠጥ ቤት በከባድ ክንድ ተጫውቶ ቦዩ የተበላ ሸክላ በምንም መርፌ አይድንም። የተለየ ቅርጽ ያለው ጫፍ ያልተበላውን የግድግዳውን ክፍል ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለም። ሸክላው ሞኖ ከሆነ የአምፕሊፋየሩን የሞኖ ቁልፍ ተጫኑ፤ ከጫጫታው ጥሩ ድርሻ ወዲያው ይጠፋል።

ድምፁ ደከመ፤ ሲጨምሩት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል

ሙቪንግ ኮይል ካርትሪጅ (ኤምሲ፣ ጥቅልል ሽቦው የሚንቀሳቀስበት) ለሙቪንግ ማግኔት (ማግኔቱ ለሚንቀሳቀስበት) በተሠራ መግቢያ ላይ ተሰክቷል። 2ኤም ሬድ 5.5 ሚሊቮልት ሲያወጣ ዲኤል-103 የሚያወጣው 0.3 ብቻ ነው። የመጀመሪያው 40 ዴሲቤል ገደማ ማጉላት ሲበቃው ሁለተኛው ከ60 በላይ ይፈልጋል። ወይ ኤምሲ የሚቀበል ፎኖ ፕሪአምፕ (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የሚያጎላ)፣ ወይ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ስቴፕአፕ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። የካርትሪጁን ዋጋ ስትደምሩ ይህን ካልደመራችሁ ሒሳቡ ገና አላለቀም።

ሙቪንግ ማግኔት ሆኖ ላይኛው ድምፅ የሚወጋ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። የክንዱ ገመድና የፕሪአምፑ መግቢያ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ተደምሮ ፋብሪካው ካለው መብለጥ የለበትም፤ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ፒኮፋራድ ነው። ረጅም ገመድ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል።

ቤዙ ባዶ፣ ዘፋኙም መሐል ላይ ሳይቆም ቤቱን ሞልቶ የተበተነ ከመሰለ ካርትሪጁ ጀርባ ላይ ከሚሰኩት ቀጫጭን ሽቦዎች የአንዱ ወገን ተገልብጦ ተገጥሟል። ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጌቲቭ፣ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጌቲቭ ነው። እምምም የሚል ድምፅ ካለ የግራውንዱን ቀጭን ሽቦ ከፕሪአምፑ ጋር አያይዙ። አሁንም ካልጠፋ ፕሪአምፑን ከትራንስፎርመሩና ከስታቢላይዘሩ አርቁት፤ ቤታችን ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ከማጫወቻው ጎን ተደርድረው መቀመጣቸው የተለመደ ነው።

ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ወለሉ ይጮኻል

ሞተሩን አጥፉ፣ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉና መደርደሪያውን በጣት አንኳኩ። ከስፒከሩ ከበሮ የመሰለ ድምፅ ከወጣ የስፒከሩ ንዝረት ወደ መርፌው እየተመለሰ ነው። በእንጨት ወለል ቤት ውስጥ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ማጫወቻ ሰው ሲራመድ ይደንሳል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መደርደሪያ ይፈታዋል። በኮንክሪት ወለል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባድ ማጫወቻ በከባድ ጠረጴዛ ላይ ይበቃዋል። ስፒከሩን ከዚያው ጠረጴዛ ላይ አውርዱ። ሳህኑን በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሳህን ክንዱንም ወደዚያው ይጎትተዋል።

ከሻንጣ ወጥቶ ክንዱ ተንቀጠቀጠ

ሁለተኛ እጅ ማጫወቻ በአውሮፕላን ሲመጣ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የክንዱ ቤሪንግ ነው። ክንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብትሞክሩት ቅንጣት መወላወል ሊኖር አይገባም። ከኋላ ያለውን ክብደት አመጣጥናችሁ ክንዱን አየር ላይ ስታንሳፍፉት ደግሞ በትንሽ እስትንፋስ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከተያዘ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቤሪንጉ ተመትቷል። ይህን ቤት ውስጥ በካቻቪቴ ለማጥበቅ አትሞክሩ፤ በጣም የጠበቀው ከላላው የባሰ ነው። ክንዱን ወደ ባለሙያ ላኩ ወይም ሌላ ግጠሙ።

ዕቃውን የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ከመታሸጉ በፊት ደውሉለት። ሳህኑ ወጥቶ ለብቻው ይጠቅለል። የኋላው ክብደት ይፈታ። መርፌው ክዳኑ ይደረግለት፣ ክንዱ ማረፊያው ላይ በለስላሳ ገመድ ይታሰር። በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ከሆነም ስፕሪንጉ እንዳይጫወት በስፖንጅ ይደገፍ። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የቮልትና የኸርዝ ጽሑፍም ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ ዕቃው አውሮፕላን ላይ ሳይጫን።